የአንበሳው ግማሽ ጢም

መቀስ የሚሏት ምላሷም እጇም ስለሚቆርጥ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ምላጯ ያላለፈበት አገጭ የለም። ጢም የሌላቸው እንኳ ወሬዋን ለመስማት ብቻ ወንበሩ ላይ ይቀመጡና «እስቲ ፈልጊልኝ፣ አንድ ሁለት አይጠፋም» ይሏታል። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትላጭ የአንድ ሰው ደም አላፈሰሰችም። የምትበር ዝንብ ክንፍ ላጭታ ትለቃለች ይባላል፤ ዝንቧም ለሳምንት ያህል አምሮባት ትዞራለች።

ያስተማሯት አባቷ ናቸው። እሳቸው ሁለት ሙያ ነበራቸው፤ ቀን ምላጭ፣ አመሻሽ ላይ ተረት። ተረታቸው ሁሉ የጦጣ ብልጠት ስለሆነ ሰው «አባ ጦጣ» አላቸው፤ ስሙንም እንደ ሹመት ተቀበሉት። ሲተርቱ ውሻ መጮህ ያቆማል። አንድ ጊዜ ፌርማታ ላይ ጀምረውት አውቶቡሱ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሹፌሩ ጭምር፣ «መጨረሻውን ሳንሰማ ንቅንቅ አንልም» ብሎ ከተማው ግማሽ ቀን ያለ አውቶቡስ ውሏል።

ታዲያ ከአራት ወር በፊት የአባ ጦጣ እጅ ተንቀጠቀጠ። የፖስተኛውን የጆሮ ጫፍ ጫር አደረጉት። ፖስተኛው ራሱ ስቆ «ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ሌላ ጆሮ አለኝ» አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ምላጩን አጠፉ፣ ነጩን ጋዋን አውልቀው ሰቀሉ፣ ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ። ሐኪሙ ጉሮሮውን አየ፣ ምላሱን አየ፣ ጆሮውን አየ፤ «ምንም የላቸውም፤ ሲፈልጉ ይናገራሉ» ብሎ ሸኛቸው። አልፈለጉም።

ታላቅ ወንድሟ በሌላ ከተማ የአንድ ትልቅ መጋዘን ኃላፊ ነው። ለነገር ሁሉ መደርደሪያ አለው፤ ዕቃ ቦታውን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ለአባቱም ቦታ አዘጋጅቶላቸው መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት መቀስ በምትላጭበት ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ፣

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ» አላት። «አንቺ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነሽ፤ እሱ ግድግዳ ሲቆጥር ይውላል። እኔ ቤት ልጆች አሉ፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ።»

«ጠይቀኸዋል?»

«ጠየቅሁት። ዝም አለ። ዝምታ መስማማት ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ለአራት ወር ለሁሉም ነገር ዝም ብሏል! ቤቱ ተቃጠለ ብትለውም ይስማማልሃል!»

«ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

«እንግዲያው ቤታችን የወርቅ ማዕድን ሆኗል፤ ና አካፋህን ይዘህ ቆፍር!»

ወንድሟ ሳይወድ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱን እንደተረሳ ዕቃ ጥግ ላይ ማየቱ ነው ያንገበገበው። «እሺ እታለም» አላት። «አልሄድም ካለ፣ ግን በገዛ አፉ ካለ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ። እስከ ነገ ጠዋት።»

«እሄዳለሁ ካለም ሻንጣውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ብቻ በአፉ ይበል።»

ይህን ስትል ጥርሷን ነክሳ ነበር። መቀስ ጥርሷን ከነከሰች ብረትም ቢሆን ከመሃል ይቆረጣል። አንድ መንገድ ብቻ እንዳላት ታውቃለች፤ መንገዷም በዚያው ቀን አመሻሽ፣ በሰፈሩ አናጺ ዎርክሾፕ ውስጥ ነበረ።

አናጺው በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ዎርክሾፑን ለተረት ይለቃል። ማሽኖቹ ሸራ ይለብሳሉ፣ ሰጋቱራው ወደ ጥግ ይጠረጋል፣ ጣውላ በብሎኬት ላይ ተጋድሞ አግዳሚ ይሆናል። የዚያን ዕለት ደግሞ የብልጦች ምሽት ነበር። ጦጣም ትሁን ጥንቸል፣ ቀበሮም ይሁን ሌባ፣ ብልጥ እስከሆነ ድረስ ይተረታል፤ ጅል ለመበላት ካልሆነ በቀር ቦታ የለውም። ሰፈርተኛው ጎረፈ። መቶ ሰው ለሚይዝ ቤት አንድ ሺህ ቢገባ ግድግዳው እንደ ጠገበ ሆድ ወደ ውጭ ተወጠረ።

«ዝንጀሮዋ መጀመሪያ የመቀመጫዬን ያለችው እናንተን አይታ ነው!» ይላል አናጺው፣ ጣውላ እየጎተተ። «ኧረ ልብስ ሰፊዋ፣ ጠጋ በይ! አንቺ ጨርቅ እንጂ ቦታ መቼ ትቆጥቢያለሽ!»

በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ተራቹ ከተሳሳተ ያወቀው አድማጭ የተቀመጠበትን ጣውላ በመዳፉ ይመታና ያርመዋል። ሦስት ጊዜ የታረመ ተረቱን ትቶ ይቀመጣል። ሕጉን ያወጡት አባ ጦጣ ናቸው፤ የተሳሳተ ተረት ሲሰሙ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። ትኩሳት ይዟቸው ተኝተው ሳለ ጎረቤት ለልጁ ተረት ሲያበላሽ ሰምተው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አጥር ዘለው አርመው ተመልሰዋል። አጥሩ ሦስት ሜትር ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ነበር።

የመቀስ ዘዴም ይኸው ነው። የአባቷን ተረት በአባቷ ፊት ልታበላሽ ነው።

የመጀመሪያው ተራች ኤሌክትሪሽያኑ ነበር። ጥንቸል ጅብን እንዴት ጉድጓድ እንዳስገባችው ጀመረ፤ ጉድጓዱን ወንዝ አደረገው፣ ዷ! ጥንቸሏን ወንድ አደረጋት፣ ዷ! ጅቡን በመጨረሻ ሊያድነው ሲል ሃምሳ መዳፍ በአንድ ጊዜ ጣውላውን መታ። «መብራት ሲቀጥል እንዲህ ከሆነ እግዜር ይጠብቀን!» እየተባለ ተቀመጠ።

መቀስ ተነሳች። አባቷን እጃቸውን ይዛ አምጥታ ፊት ለፊት አስቀምጣቸዋለች፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫማቸውን ያያሉ። ወንድሟ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«የአንበሳውን ግማሽ ጢም ነው የምተርትላችሁ» አለች።

ቤቱ አጉረመረመ። ይህ ተረት የአባ ጦጣ ነው። እሳቸው ዝም ካሉ ወዲህ ማንም ሊነካው አልደፈረም፤ ሰዉ ግን ሠላሳ ዓመት ሰምቶታል።

«አንድ አንበሳ ነበረ። ጢሙ ከመርዘሙ የተነሳ ሲራመድ ይረግጠዋል፤ ረግጦት ሲወድቅ ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ይበላል። አንድ ቀን ጦጣ የአንበሳውን ማር ሰረቀች…»

ዷ!

አባቷ መስለዋት ልቧ ዘለለ። ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

«ምን ማር አመጣሽብን እቴ! ከቅርንጫፍ ተንሸራታ ሆዱ ላይ ወድቃ እንቅልፉን ነው የሰረቀችው!»

«አንድ!» አለ አናጺው።

አባቷ ጫማቸውን ያያሉ።

መቀስ ቀጠለች። «ይሁን፣ እንቅልፉን። አንበሳውም ለራት ትቅረብልኝ አለ። ጦጣዋ አጎንብሳ ‘ጌታዬ፣ መበላቴስ ካልቀረ ደስ ይበልዎ። ግን በዚህ ጢም? ጭንቅላቴ ሆድዎ ሲደርስ ጅራቴ ጢምዎ ላይ ተጠምጥሞ ሊቀር ነው። ነገ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ የጦጣ ጅራት ከአፍዎ ተንጠልጥሎ አገር ምን ይላል? መጀመሪያ ልላጭዎትና ንጹሕ ሆነው ይብሉኝ’ አለችው።» ቤቱ ሳቀ፤ አፏ የአባቷን አፍ ይመስላል። «አንበሳውም ‘አንቺ እንኳን ታስቢልኛለሽ’ አላት። እንዳታመልጥ ግን ሦስት ጅቦች በር ላይ አቆመ…»

ዷ! ይህኛው ከኋላ ነው። የታክሲ ሹፌሩ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት እሷው የምትላጨው ደንበኛዋ።

«ሁለት ናቸው! አንዱ የሚያዛጋው፣ አንዱ ሳይነግሩት የሚስቀው! ሦስተኛውን ከየት ነው የጫንሽው?»

«አንተ አይደለህ ትርፍ የምትጭነው!» ብላ መለሰችለት፤ ቤቱም በሳቅ ተናጋ፤ ሁለት ሰው ከጣውላ ወደቀ። ግን አናጺው «ሁለት!» ብሏል።

አባቷ አሁንም ጫማቸውን ያያሉ።

ዘዴዋ የከሸፈው አባቷ ስላልሰሙ አይደለም፤ ሌላው ሰው ስለሚቀድማቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተረቱን ሲያድሉት ኖረው ሁሉም ቤቱ ወስዶታል። ማሩንም ጅቡንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው ሁሉ ጣውላ ይመታል። አንድ ስህተት ብቻ ቀርታታለች። ይህቺንም ስህተት ልብስ ሰፊዋ ካረመቻት መቀስ ትቀመጣለች፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ ሰው ተደብቆ ለአባቷ ብቻ የሚታይ ስህተት ምን አለ? የአባቷን እጆች አየች፤ ባርኔጣው ላይ ተኝተዋል፣ ቀኙ በትንሹ ይርገበገባል። ያን ጊዜ ገባት። ተረቱ የሁሉም ነው፤ ሙያው ግን የእሳቸው ነው። አባቷ የመላጨቱ ቦታ ሲደርሱ በእጃቸው ነበር የሚተርቱት፣ ሰዉም የአንበሳውን ፊት እንጂ የጦጣዋን እጅ አላየም።

ዋጋውም አብሮ ታያት። እዚህ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ነገ አንገቱን የሚሰጣት ነው፤ ይህን ከሰማ ግን አይሰጣትም። ይሁና! አለች በሆዷ፤ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች።

«ጦጣዋ ባርበር ሆነች» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ ማሞቅ ብሎ ነገር የለም። ሳሙናውን በደረቁ ጢም ላይ ለቀለቀችው።»

የአባቷ ጫማ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

ሹፌሩ ከኋላ ግንባሩን ቋጠረ። መዳፉን አነሳ፤ ጥቂት አሰበና «እሷው ባርበር ናት፣ ታውቃለች» ብሎ መለሰው።

«ከዚያ ምላጩን ልትስል የመሳያውን ቆዳ ወጠረች። ስለቱን ወደፊት አድርጋ፣ እንደ ማረሻ፣ ቆዳው ላይ ገፋችው። ወዲያ ገፋችው፣ ወዲህ ገፋችው።»

አባቷ ቀና አሉ። አፍንጫቸው ተነፋ። ባርኔጣው በእጃቸው ውስጥ ተጨማደደ። ምላጭ በጀርባው ተጎትቶ እንጂ በስለቱ ተገፍቶ እንደማይሳል የሚያውቅ ሰው ያን ሲሰማ ጥርሱ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል።

ልብስ ሰፊዋ የሆነ ነገር እንዳመለጣት ገብቷት ዓይኗን ታንከራትታለች፣ ምኑ እንደሆነ ግን አላወቀችም።

መቀስ እጇን አነሳች። በአየር ላይ የአንበሳውን አገጭ ያዘች፤ አባቷ ያስተማሩትን እጇን ከድታ፣ እንደ ጀማሪ፣ እንደ እንጨት ያዘችው። «የአገጩን ቆዳ ሳትወጥር፣ ምላጩን ጉሮሮው ሥር ደገነችና፣ ገና ስትጀምር፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጢሙ ከሚተኛበት በተቃራኒ፣ በኃይል…»

ዷዷዷ!

«ታርጂዋለሽ!!»

ድምፁ የዛገ በር ይመስል ነበር። አባ ጦጣ ቆመዋል፤ ባርኔጣው መሬት ወድቋል። የመቱት ጣውላ ለሁለት ተሰንጥቆ ከጎናቸው የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ተነሽ ያላት ግን የለም።

«ታርጂዋለሽ አልኩሽ! ከታች ወደ ላይ? ጉሮሮ ላይ? በደረቁ? ማነው እንዲህ ያስተማረሽ? እኔ ነኝ? እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩሽ?»

«አዎ አባባ» አለች መቀስ። «እንዲህ መስሎኝ።»

«መስሎኝ! አስራ ስምንት ዓመት ሰው ስትላጭ ‘መስሎኝ’!» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተስ አገጫችሁን ስትሰጧት ዓይናችሁ የት ነበር?»

በቤቱ ያለ ወንድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጉሮሮውን ዳበሰ። ሹፌሩ «ወይኔ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ!» አለ።

«ሦስት!» አለ አናጺው፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። መቀስ ተቀመጠች። አባ ጦጣም ማንም ሳይጋብዛቸው ወደ መሃል ወጡ።

«መጀመሪያ ውሃው ይሞቃል» አሉ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ዝገቱ እየለቀቀ መጣ። «ፎጣው ተነክሮ ፊቱ ላይ ይቀመጣል። አንበሳው ‘እሰይ’ ይላል። ከዚያ ሳሙና፣ አረፋው እስከ ዓይኑ። ‘ጌታዬ’ ትላለች ጦጣ፣ ‘ምላጭ ፊትዎ ላይ ሳለ አፍ መክፈት የለም፤ ከተናገሩ ይቆረጣሉ።’ ገባችሁ? አፉን ዘጋችው! አፉ ከተዘጋ በምን ይበላታል? በምንስ ብሉልኝ ብሎ ያዛል?»

ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። እሳቸውም እጃቸውን አዩት፤ ያ የፖስተኛውን ጆሮ የጫረ እጅ ነው። ከዚያ ጨርሰው አንቀጠቀጡት፣ እስከ ክርናቸው።

«የጦጣዋ እጅ ይንቀጠቀጣል!» አሉ። «ምን ታድርግ! እናንተ ንጉሥ ስትላጩ አይንቀጠቀጥባችሁም? አንበሳው ምላጩን በአንድ ዓይኑ ያየዋል፣ እንዲህ ሲል፣ እንዲህ ሲል! ‘ወየው!’ ይላል በሆዱ፣ አፉ ዝግ ነው!» ሰዉ በሳቅ እርስ በርሱ ተደጋገፈ። ፖስተኛው ከሁሉ በላይ ሳቀ፣ ጆሮውን ይዞ። «እንዲህ እየተንቀጠቀጠች የግራውን ጉንጭ ብቻ ላጨችና ምላጩን አጠፈች። ‘ዛሬ በዚህ ይብቃን፤ ቀኙን ነገ እጨርስልዎታለሁ’ አለችው። መስታወት ሰጠችው። አየ። ግማሹ ንጉሥ፣ ግማሹ ድመት! በዚህ ፊት እንዴት ይወጣል? ጦጣዋን ቢበላ ማን ይጨርስለታል? ‘ነገ በማለዳ ነይ’ አላት፣ እየለመነ። ጅቦቹም በሩን ከፍተው፣ አንዱ እያዛጋ፣ አንዱ እየሳቀ ሸኟት። ያ ነገ ይኸው እስካሁን አልነጋም።»

ጣሪያው በጭብጨባ ተነሥቶ ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ። ፀሐይ ገና በመስኮቱ በኩል ነበረች፤ ለመስማት ብላ ሩብ ሰዓት ሳትዘገይ አልቀረችም።

ጭብጨባው ሲበርድ ወንድሟ ከበሩ ተነሥቶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «አባባ» አለ፣ «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሄዳለህ? ክፍልህ ተዘጋጅቷል። እህቴ በአፉ ይበል ብላለች፤ አንተው በል።»

መቀስ ጣውላውን ጨበጠች። የጠየቀችው ቃሉን ነው፤ ቃሉ ምንም ይሁን ልትቀበል ለራሷ ምላለች።

አባ ጦጣ ልጃቸውን ትከሻውን ያዙት። «ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል ብለሃል፤ ተባረክ። ግን የት ነው የምሄደው? ይቺን ልጅ ሰዉ መሃል ምላጭ አስጨብጬ የት ነው የምሄደው? ነገ አንዱን ብታርደው ማን ነው የሚጠየቀው? ከሀሁ ነው የምጀምርላት። ስትጨርስ፣ ከጨረሰች፣ መጥቼ አይሃለሁ።»

ወንድሟ ዞሮ አያት። ለሠርጉ የላጨችው እሷው ናት፤ የአባቱ ምላጭ እንኳ እንደዚያ አልቀለለውም። ሁሉ ነገር በአንዴ ፊቱ ላይ ሲበራ አየችው። «አባባ፣ እሷ እኮ…» ብሎ ጀመረ። መቀስ ዓይኗን አልሰበረችም። ልትለምነውም አልሞከረችም፤ አፍጥጣ አየችው፣ መቼም መቀስ ናት።

«እሷ እኮ ምን?» አሉ አባቱ።

«እሷ እኮ…» አለ ወንድሟ፣ ሳቁን ዋጠና፣ «…በጣም ደካማ ናት። በደንብ አስተምራት።»

አናጺው አጠገቡ ቆሞ «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ብሎ አጉረመረመ፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ባዶ ወንበሩን ይዞ ሄደ። ሱቁ ግን ሞልቷል፤ የሚላጭ የለም፣ ሁሉም ተመልካች ነው። የታክሲ ሹፌሩ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ባርበር ተሻግሮ፣ ገና ያልበቀለ ጢሙን እንደገና ተላጭቶ፣ ለማየት ብቻ ተመልሶ መጥቷል። መቀስ በደንበኛው ወንበር ፊት ቆማለች፤ ወንበሩ ላይ ሰው የለም፣ ቀይ ፊኛ አለ። ፊኛው በሳሙና አረፋ ተለብጧል። ጀማሪ ባርበር የሚለማመደው እንዲህ ነው፤ አረፋው ካለቀና ፊኛው ካልፈነዳ ለሰው ፊት ደርሷል ማለት ነው።

«ከላይ ወደ ታች» አሉ አባ ጦጣ፣ ጋዋናቸውን ለብሰው። «እስቲ ልይሽ።»

የመቀስ እጅ ከአገጭ አገጭ ያለ ሐሳብ መሄድ የለመደ ነው። ምላጩ በአረፋው ላይ እንደ ዘይት ፈሰሰ። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ፊኛው ትንፍሽ አላለም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አባቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ቅንድባቸውም ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

መቀስ አየችው። አስራ ስምንት ዓመት ያለ አንድ ጠብታ ደም የቆየ ስሟን በልቧ ተሰናበተችና የምላጩን ጫፍ በትንሹ ዘንበል አደረገችው።

ጧ!

አረፋው እስከ ጣሪያ ዘለለ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ፣ ተመልካቹ ፊቱን ጠረገ።

«አላልኩም?» ብለው ጮኹ አባ ጦጣ፤ ፊታቸው በአረፋና በደስታ ተሞልቶ። «አላልኩም! አረድሽው! ይሄኔ ሰው ቢሆን ኖሮ የት ነበርን? አንቺ ልጅ፣ ዓመትም ይፈጅብናል!»

«እሺ አባባ» አለች መቀስ፣ ከቅንድቧ ላይ ሳሙና እየጠረገች። «ዓመት ይፍጅ።»

እሳቸውም ከኪሳቸው ሌላ ፊኛ አውጥተው መንፋት ጀመሩ፤ በየሁለት ትንፋሹም ከአፋቸው እያወጡ ይሰድቧታል።